አሥራ ሁለተኛዋን ሴት ፍለጋ፤ ከደሴ እስከ አስመራ

ወደ አስመራ የሄድኩት አንዲት ገጽ ፍለጋ ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ ወይም ዕቃ ሊያመጣ ነው፤ እኔ እዚያ ዘመድ የለኝ፣ ንግድም አላውቅ። ከተመለስኩ ብዙ ወራት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት ሰንፌ አይደለም፤ ፈቃድ እየጠበቅሁ ነው። ፈቃዱ አሁን ስለመጣ፣ አስመራን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩዋት፣ ነገሩን ቀን በቀን ልንገራችሁ።

ደሴ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የሚደቀንበት አንድ ጥግ ነው። ልጆቹ በሚያነቡት ታሪክ ውስጥ ሴት የምትገባው ወይ የአንዱ እናት ወይ የአንዱ ሚስት ሆና ነው። ይህ ሲከነክነኝ ከርሞ፣ ከባልደረባዬ ከአብረኸት ጋር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጀመርን። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ፣ የአራተኛ ክፍል ልጅ በሚገባው አማርኛ። ንግሥት አለች፣ አዋላጅ አለች፣ ወንዝ ገድባ መስኖ ያወጣች ገበሬ አለች። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፦ ያላረጋገጥነውን አንጽፍም።

አሥራ ሁለተኛዋን ያመጣቻት አብረኸት ናት። እናቷ አስመራ ውስጥ ልጅ በነበሩበት ዘመን፣ አባቶች «ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች?» ይሉ ነበር። ጥልፍ ግን ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ልጆቹ ጥልፍ ሊማሩ ወደ አንዲት ሴት ቤት ይላካሉ። ሴትዮዋ የሚያስጠልፏቸው አበባ አልነበረም፤ ፊደል ነው። አባት የሚያየው የትራስ ልብስ ነው፤ ልጅቷ ግን ማንበብ ችላ ትወጣለች። አብረኸት ይህን ስትነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አስቀመጥኩት። ገጹን ሳትጽፈው አገሯ ነጻ ወጣና ተመለሰች። በደብዳቤ ብጠይቃት «ሴትዮዋ በሕይወት አሉ፤ መጥተሽ ራስሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ርዕሰ መምህራችን «አሁን እኮ ሌላ አገር ነው። ከእኛው አንዷን ተኪና ገላገይን» አሉኝ። ሴትዮዋ መርፌውን ሲይዙ ድንበሩ የት ሊሰመር እንደሆነ ማን ነገራቸው? በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሄጄ ገጹን ካመጣሁ ይገባል፣ ካላመጣሁ መጽሐፉ በአሥራ አንድ ይወጣል ተባባልን።

አንደኛ ቀን

ጎህ ሲቀድ ከደሴ መናኸሪያ ተነሣን። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እንደ ነጠላ ተከናንቦ ነበር። ከወልድያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ፤ ከአላማጣ በላይ ዳገቱ ላይ ሌላው ተደገመ። ሾፌሩ «አንዱ ጎማ ሲሞት ሌላው ያዝናል» እያለ ሁለቱንም ከረዳቱ ጋር ለጠፈ። መቀሌ እንገባለን ስንል ማይጨው ላይ መሸብን።

የማደሪያው ባለቤት ወፍራም፣ ዐይነ ፈጣን ሴት ናት። መዝገብ ላይ ስሜን እየጻፈች ጠየቀችኝ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ባልሽስ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ አስመራ ማን አለሽ?»

«አንዲት አሮጊት።»

«እናትሽ?»

«አላውቃቸውም።»

ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ትንሽ ቆይታ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች። አልጠየቅኋትም ነበር። የማይጨው ብርድ የደሴን ያስንቃል።

ሁለተኛ ቀን

ከመቀሌ የተሳፈረ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ማር በቆርቆሮ ይዞ ከበላዬ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ውቅሮን ስናልፍ ትከሻዬ ላይ ጠብ አለብኝ። ቀና ስል የኔ ቦርሳ ከቆርቆሮው ሥር ነው። አሥራ አንዱ ገጾች፣ ለአሥራ ሁለተኛዋ የሞከርኩት ረቂቅም ሳይቀር፣ ከዳር እስከ ዳር ተጣብቀዋል።

«እትዬ፣ አትቆጪ» አለኝ ሰውዬው። «ማር እኮ ነው። ቅቤ ቢሆን ነበር የምታለቅሺው።»

«ለልጆች የሚነበብ ወረቀት ነው!»

«ይልሱታላ! ትምህርት በዚህ በኩል ይገባል እንጂ በዐይን መች ይገባል?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ዓዲግራት ስንደርስ ግን ይኸው ሰውዬ ዕቃውን ትቶ ከአንድ ቤት ሙቅ ውኃና ጨርቅ ለምኖ አመጣልኝ፤ ከማደሪያው ሴት ልጅ ጋር ሆነን ገጾቹን አንድ በአንድ አላቀን አልጋው ላይ አሰጣናቸው። ልጅቷ ስትሰበስባቸው እንዳገኘቻቸው ደራርባ ሰጠችኝ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ቅደም ተከተላቸውን ሳላይ አስገባኋቸው። በሕይወቴ ወረቀት ሳላይ ቦርሳ ያስገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ቀን

ዛላምበሳ ላይ ወረድን። አንዲት ወጣት ታጋይ፣ ፀጉሯ የተከመከመ፣ በእግሯ የላስቲክ ሰንደል ያደረገች፣ ቦርሳዬን ከፈተች። ገጹን አንሥታ አሸተተችው።

«ማር ነው?»

«ማር ነው። ይቅርታ።»

«የምን ጽሑፍ ነው?» አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ የሰላ ነበር።

«ለልጆች ነው። ታሪክ ስለ ሠሩ ሴቶች።»

«ስለ ታጋዮች?»

«ታጋይ የለችበትም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

ገጾቹን በጥንቃቄ መለሰችልኝ። «እንግዲያው ገና አላለቀም» አለችና አሳለፈችኝ። እስከ ሰንዓፈ ድረስ ለዚህ መልስ ስፈልግ ሄድኩ፤ አላገኘሁለትም።

አስመራ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አብረኸት መናኸሪያው ድረስ መጥታ ነበር። አቅፋ ሳመችኝ፤ ቀጥላም በትግርኛ የሆነ ነገር አለችኝና ራሷ ደነገጠች። «ውይ፣ አስጉ! አሁን ባማርኛ የማወራው ካንቺ በቀር ሰው የለኝም እኮ» አለች።

በእግር በዋናው ጎዳና በኮምቢሽታቶ በኩል ወሰደችኝ። ደሴ መንገድ ማለት ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው፤ እዚህ መንገዱ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ሽማግሌዎች ኮትና ክራባት አድርገው ብስክሌት ይነዳሉ። ሰው ሁሉ ምሽቱን ለመንሸራሸር ብቻ ወጥቶ፣ ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ እየተሳላመ ያልፋል። የሚጮህ የለም። ሁሉም የሚሰላመው ሰው ነበረው። ከአንድ ሱቅ ሳሙና በአማርኛ ጠየቅሁ፤ ባለ ሱቁ በትሕትና ሰጠኝ፣ በትሕትና ጠቀለለልኝ፣ አንድ ቃል ግን አልተናገረኝም። ክፋት አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

የአብረኸት ቤት እዳጋ ሓሙስ ሰፈር ነው፤ ሁለት ክፍል። ልጇ ሰናይት ደሴ የተወለደች፣ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ሥዕል ያየች ልጅ ናት። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአማርኛ ስጠይቃት በትግርኛ ትመልስልኛለች፤ እናቷ ስትገሥጻት አንገቷን ትደፋለች። እራት ላይ ፓስታ በዝግኒ ወጥ ቀረበ። ያለ ሹካ ስታገል ሰናይት አየችኝ፤ ሹካ አምጥታ ከሳህኔ አጠገብ አስቀመጠች።

አልጋዋን ለኔ ለቀቀችልኝ። ትራሱ ላይ በቀይ ክር የ«ለ» ቤት ተጠልፎበታል፤ የአብረኸት እናት ሥራ ነው። እሳቸው ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል። የትራሱን ልብስ አውልቄ ገልብጬ አየሁት። ጀርባውና ፊቱ አይለይም፤ አንዲት ቋጠሮ የለችም።

አራተኛ ቀን

አብረኸት የምታስተምርበት ክፍል ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ጠመንጃ ያነገተች ታጋይ ሥዕል ተሰቅሏል። የገበሬዋን ገጽ ለአንዲት ልጅ ሰጠኋት። ልጅቷ ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትሰናከል አነበበችው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። «ገበሬዋ ምን ሠራች?» ስላት ግን አብረኸትን አየች፤ ጓደኞቿን አየች። አንዲት ቃል አልገባትም። ፊደሉ የሷም ፊደል ነው፤ ቋንቋው ነው የተዘጋባት። ሌላው ተነሥቶ አነበበ፤ እሱም እንደዚሁ፣ እንደ ውኃ እያወረደ፣ ሳይገባው። እኔ የጻፍኩትን በጠራ ድምፅ እየሰማሁ፣ ከክፍሉ ውስጥ የሚገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

አብረኸት ተረጎመችላቸው። ከዚያ «ታሪክ የሠራች ሴት ንገሩን» ብላ ጠየቀች። ሁሉም በአንድ አፍ «ተጋዳሊት!» አሉ፤ ሴት ታጋይ ማለት ነው። «ሌላስ?» ሥዕሉን አዩ። «ሌላስ?» ከኋላ አንዱ «እናቷ!» ብሎ ወደ ሥዕሉ ጠቆመና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ የደሴዎቹን አስታወስኩ፤ እነሱ አንዲትም ስም አልነበራቸውም፣ እነዚህ አንድ አላቸው። ይህም ልዩነት ነው።

አምስተኛ ቀን

ጥልፍ አስተማሪዋ የሚኖሩት ዓባ ሻውል ነው። ድንጋይ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ፣ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ። ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ነው የሚላቸው፤ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም እንዲያው ልበላቸው። ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ አሮጊት ናቸው። አማርኛን የቻሉት የአልጋ ልብስ ሊያስጠልፉ ከሚመጡ የመኮንን ሚስቶች ነው።

«ንዒ፣ ኮፍ በይ ጓለይ፤ ተቀመጪ ልጄ። ይህችን ወንበር አይደለም፣ ያችን። ይህችኛዋ ሰው ትጥላለች።»

ሻሂ ቀዱልን። አልጋቸው ላይ ያለው ትራስ የ«ጰ» ቤት የተጠለፈበት ነው። ለምን ይህ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ጨርቅ ውድ ነበር። ስለዚህ አንዲት ልጅ አንድ ቤት ብቻ ትጠልፋለች፤ የስሟን። ምሕረት የ«መ»ን፣ ለምለም የ«ለ»ን። ሲጨርሱ ይለዋወጣሉ፤ አንዷ ላንዷ ታሳያለች። ሲያገቡ የየራሳቸውን ይዘው ሄዱ። በ«ጰ» የሚጀምር ስም ያላት ልጅ ግን አልመጣችም። እኔ ጠለፍኩት፣ ለኔ ቀረ።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። የፈለግሁት ይህ ነው፦ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ። አብረኸት በኩራት ታየኛለች። በመጨረሻም በደንባችን መሠረት ረቂቁን አውጥቼ፣ «ስለርስዎ የጻፍኩት ነው፤ ስሕተት ካለበት ይንገሩኝ» ብዬ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉ። ዐይናቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወረደ፣ እንደገና ሄደ። ከንፈራቸው በቀስታ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ አሉ። ታች ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እወ፣ ጽቡቕ። ልክ ነው። እንዲሁ ነበር የሆነው።»

ወረቀቱን ስቀበል ዐይኔ አረፈበት። የወሎዋ አዋላጅ ገጽ ነበር። በማሩ ተዘበራርቆ የተሳሳተውን ነው ያነሣሁት። ስለ እሳቸው አንዲት ቃል አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ማንበብ አልችልም ነበር። አክስቴ ቤት በሥራ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ «አልችልም» አልልም ነበር። እይዘዋለሁ፣ ዐይኔን አንቀሳቅሳለሁ፤ ቶሎ እንዳልመልስ፣ አብዝቼም እንዳልቆይ ደግሞ በልቤ አባታችን ሆይን እላለሁ። ለአጭር ወረቀት አንዴ፣ ለረጅም ሁለቴ። ስለዚህ የአደይ ከንፈር ምን ሲል እንደነበር አውቃለሁ።

አመሰገንኳቸው። ወረቀቱን ከቦርሳዬ ከተትኩ። ወደ ቤት ስንመለስ አብረኸት «ነገ መጥተን ፎቶ እናነሣቸዋለን» አለች።

«ነገ ብቻዬን ልሂድ» አልኳት።

ቆመች። «ትርጉሜን አላመንሽውም?»

«እሳቸው ባማርኛ እኮ ነው ያወሩኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?»

ምን ልበላት? እውነቱ የኔ አልነበረም። እስከ ቤት ድረስ ቀድማኝ ሄደች፤ እራት ላይም ከሰናይት ጋር ብቻ በትግርኛ አወራች።

ስድስተኛ ቀን

በሩን አደይ ራሳቸው ከፈቱ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ያችን ሰው የማትጥለውን ወንበር ሳቡልኝ። ሻሂ ሳይቀዱ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አደይ፣ ትናንት የሰጠሁዎ ወረቀት ስለርስዎ አልነበረም።»

ከውጭ ልጆች በር እየደበደቡ ያልፋሉ።

«ስለ ማን ነበር?»

«ስለ አንዲት አዋላጅ።»

«ጎበዝ ነበረች?»

«ጎበዝ ነበረች።»

«እንኳን። ላልሆነች ሴት አልመሰከርኩም።» ቀጥለውም፣ «ለአብረኸት ነገርሻት?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

ያኔ ሻሂውን ቀዱና ነገሩኝ። ጥልፍ የተማሩት ከካቶሊክ መነኮሳይት፣ ከሲስተሮች ነው። የእህታቸው ልጅ ዲያቆን ነበረና ፊደል ገበታውን ከሳቸው ቤት ይተወዋል። ቅርጹ ማረካቸው። «ለኔ አበባ ነው። እንዲያውም ካበባ ይበልጣል፤ አበባ ሁሉ አንድ ነው።» ልጆቹ የፊደሉን ዜማ፣ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን፣ ከወንድሞቻቸው ሰምተው ይመጣሉ፤ እየጠለፉ ያዜማሉ። እሳቸው ዜማውን በቃል ያውቁታል፤ ፊደሉ ሲገጣጠም ግን ምን እንደሚል አያውቁም።

«እኔ ጀርባውን ነው የማየው። ጀርባው ከተበላሸ ይፈታል፣ እንደገና ይጠለፋል። አንዷ አንድ ፊደል አሥር ጊዜ ስትፈታ ስትጠልፍ እንዴት ይረሳታል? አንድ ቀን የአብረኸት እናት ከሳሙና ካርቶን ላይ የተጻፈውን አነበበች። ጮኹ፣ ዘለሉ። ሁሉም መጥተው ከበቡኝ፤ ‹አንቺም አንብቢ!› አሉኝ። ‹መርፌ ይዣለሁ› አልኳቸው።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ከዚያን ቀን ወዲህ መርፌ እንደያዝኩ ነኝ።»

«ለምን ከነሱ አልተማሩም?»

«እኔ ተማሪ ከሆንኩ፣ አስተማሪዋ ማን ልትሆን ነው?»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ገጹን አሁን ሙሉ አድርጌ መጻፍ እንደምችል፣ ካልፈቀዱ ደግሞ ጨርሶ መጻፍ እንደማልችል አውቅ ነበር።

«ጻፊ» አሉኝ፣ የማስበውን እንደሰሙ ሁሉ። «ያስተማርኩትን ጻፊ። ይህችኛዋን ተያት።»

«ይህችኛዋን ትቼ ከጻፍኩ ውሸት ይሆናል።»

«ኣይፋል! ምኑ ነው ውሸቱ? ልጆቹ አልተማሩም?»

«ተምረዋል። ግን ልጆች ገጹን ሲያነቡ ‹እሳቸው ያወቁትን ሰጡ› ይላሉ። እርስዎ የሰጡት የሌለዎትን ነው። ያንን ነው እንዲያውቁ የምፈልገው።»

«እኔ ደግሞ ያንን ነው እንዳያውቁ የምፈልገው!» መዳፋቸው ጠረጴዛውን መታ። «በዚህ ሰፈር ደብዳቤ ሲመጣ ‹አደይ ያውቃሉ› ይባላል። መነጽሬ ተሰብሯል እላለሁ፣ ዐይኔ ደክሟል እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይዤ ነው የምቆመው። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅሁትን ላንቺ ልጆች ጨዋታ ላድርገው? አንቺ ማነሽ፣ ዳኛ ነሽ?»

ትንሽ ሲበርዱ ግን አንድ ነገር ገረማቸው።

«ቆይ። አብረኸት እዚህ ተቀምጣ አላወቀችም። ዲያቆኑ አጠገቤ ቆሞ ቄስ እስኪሆን አላወቀም። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አባታችን ሆይ። ሁለቴ ነው ያሉት?»

አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«አንድ ተኩል። ወረቀትሽ አጭር መሰለኝ።»

እኔም ሳቅኩ። ከደሴ ከወጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ አክስቴ ቤት፣ ስለ ማታ ትምህርት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለማንም እንዲህ ከዳር እስከ ዳር ነግሬ አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«የትምህርት ቤትሽ ልጆች ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም። በሰባት ዓመቴ ትምህርት ጀመርኩ ነው የምላቸው።»

«አለቃሽስ?»

«አያውቁም።»

«አብረኸት?»

«አታውቅም።»

ስገባ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ረቂቄን አነሡ፤ በዚህኛው ቀን ትክክለኛው ነበር። ገልብጠው ባዶ ጀርባውን አዩት፤ ጣታቸውንም አሳለፉበት።

«መጀመሪያ ያንቺን ተናገሪ» አሉ። «ከዚያ የኔን ትጠይቂኛለሽ።»

ሰባተኛ ቀን

አብረኸት እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ለመንገድ ሕምባሻ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ገጹስ?»

«አልጻፍኩትም።»

«ይህን ሁሉ መጥተሽ? ምን ጎደለው? ሁሉንም ነገሩሽ እኮ!»

«አብረኸት፣ አትጠይቂኝ።»

«እሺ፤ አልጠይቅሽም» አለች። ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ እንግዳ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ መስኮቱ ሥር ቆማ ነበር፤ እጄን ሳነሣ ግን ወደ ሾፌሩ እያየች ነበር። ደቀምሓረን፣ ዓዲ ቀይሕን፣ ሰንዓፈን ሳልፍ ሕምባሻውን አልፈታሁትም። ከአጠገቤ የተቀመጠች ሴት በትግርኛ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አለመቻሌን በእጄ አሳየኋት። እሷም ገባትና እስከ ድንበር ድረስ ልጇን አሳቀፈችኝ። የመመለሻው ቀሪ መንገድ የሚነገር ነገር የለውም።

ከተመለስኩ በኋላ

መጽሐፉ «አሥራ አንድ ሴቶች» ተብሎ ወጣ። ርዕሰ መምህራችን «አላልኩሽም?» አሉ።

ለአራተኛ ክፍል ባደልኩ ቀን፣ ልጆቹ ገና ገጽ ሲገልጡ፣ «እኔ ማንበብ የተማርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አልኩ። እንደዚያ በድንገት፤ ሳላሳምረው። አንዱ «እትዬ፣ ወድቀሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አልወደቅሁም፣ አልገባሁም ነበር አልኩት። ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ «ታዲያ ወረቀት ሲሰጡሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አለች። «አባታችን ሆይ እል ነበር።» ሳቁብኝ፤ ደህና ሳቅ ነበር። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ሲደወል ወደ ኋላ ቀረችና፣ «የኔም እናት የወላጅ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ይዛ ትቆያለች፤ ቶሎ አትመልስም» አለችኝ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ይህን ለልጅ መንገር ምን ይጠቅማል?» አሉ። መምህራኑ ክፍል ስገባ ወሬ ሲቋረጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሰማሁ፤ ከዚያ ደከማቸው።

ለአብረኸት ስለራሴ ጻፍኩላት። ስለ አደይ ምንም አልጻፍኩም፤ ቢሆንም አንድ መልእክት አድርሺልኝ አልኳት፦ «አስጉ የራሷን ተናግራለች በያቸው።» ለራሳቸው መጻፍ አልችልም፤ የሚያነብላቸው ሌላ ሰው ነው።

መልሱ ብዙ ወራት ቆየ። የአብረኸት ደብዳቤ በቁጣ ይጀምራል፤ ያን ያህል ዓመት አብረን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንሠራ ለምን ደበቅሽኝ ትላለች። ልክ ናት። ቀጥላ እንዲህ ትላለች፦ «መልእክትሽን ነገርኳቸው። ከዚያ በሩን ዝጊ አሉኝና ሁሉንም ነገሩኝ። አልቅሰናል። ‹ሁሉንም ትጻፈው› ብለዋል። ‹ስሜን ግን ከነአባቴ ትጻፍ› ብለዋል።»

ገጹን በዚያው ቀን ጻፍኩት። በመጽሐፉ ሁለተኛ ኅትመት የሚገባው እንዲህ ይላል።

«ወይዘሮ ጽገ ወልደጋብር የአስመራ ሴት ናቸው። ማንበብ አይችሉም። የሰፈራቸውን ሴቶች ልጆች ማንበብ እንዲችሉ ያደረጉት ግን እሳቸው ናቸው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? ጨርቅ፣ መርፌና ክር አምጡ። ከስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል እንጀምራለን።»